የላኪዋ ዝምድና

ማርች 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ የድርሻ ቀን። ከአርሊን ጋር ኢሎኢሎ ከተማ ወርደን ባንክ ዋልን። ልጄ ዴሎ መርከበኛ ነው፣ ሞተር ክፍል። ከደመወዙ አብዛኛው እጁ ሳይገባ በቀጣሪው ኤጀንሲ በኩል በዶላር ወደ ቤት ይላካል። ቅጹ ላይ "ተቀባይ" በሚለው ቦታ የጻፈው ሚስቱን አርሊንን ነው። እሷን ብቻ። እኔንም ከሥር ጣል ቢያደርገኝ ምን ነበረበት? … ተይው አሁን፣ ኤፒፋኒያ።

ባንክ መሄድ ደስ ይለኛል። ይቀዘቅዛል፣ ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ዘበኛው ያውቀኛል። አርሊን በዶላር አወጣችው። ባንኩ ራሱ ከመነዘረው ዋጋው ይወርዳል፤ እኛ የምንመነዝረው ገበያው ጀርባ ቻይናዊው ሽማግሌ ጋ ነው። እሱ ደግሞ የታጠፈ ኖት አይወድም። እስክሪብቶ የነካው ከሆነማ አፍንጫውን ነፍቶ ዋጋ ይቆርጣል። ስለዚህ የመርከበኛ ሚስት ሁሉ ቤቷ ወስዳ በጨርቅ ሸፍና በካውያ ትተኩሰዋለች።

እኔ ተኮስኩላት። ስምንት ባለ መቶ ኖት። እጄ ላይ ሞቅ ሲል የልጄ ላብ ነው ብዬ አሸተትኩት። የካውያ ሽታ ብቻ ነው ያለው።

ማርች 6

መነዘረች። ሦስት ሺህ ፔሶ ሰጠችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። የጥርሴን ነገር አነሳሁባት። የላይኞቹ አራቱ ከወለቁ ዓመት አለፋቸው፤ ሰው ፊት ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። የሚመጣው ወር፣ ናናይ፣ አለች። ባለፈው ወርም የሚመጣው ወር ነበር። አፏ ናናይ፣ እናቴ፣ ይላል። እጇ ግን…

ክፉ አይደለችም። ይሄን ልጻፈው። የቲንቲንን ትምህርት ቤት ከፈለች (የልጅ ልጄ፣ ስድስት ዓመቷ)፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠገነች፣ አንድ ኩንታል ሩዝ አስገባች። እንደሷ ቤት የምትይዝ ምራት ሰፈራችን ውስጥ የለችም፤ ለሰውም እናገራለሁ። ግን እኔ የምለው… ያንን ልጅ መርከበኛ ትምህርት ቤት ለማስገባት የሩዝ ማሳዋን የሸጠችው ማን ሆና ነው፣ ዛሬ እጇን ዘርግታ የምትቆመው?

ማርች 20

ዴሎ ደወለ። ከብራዚል ወደብ። ስልኩ መጀመሪያ ለቲንቲን፣ ከዚያ ለአርሊን። እኔ ጋ ሲደርስ ካርዱ ሊያልቅበት ነው። ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ደህና ነሽ ናናይ አለ። ጥርስሽስ አለ። አስታወሰ፣ ደግ ልጅ። አልተሠራም አልኩት። ለምን አለ። እኔ እንጃ ልጄ፣ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ እኔ አላውቅም፣ አልጠይቅምም፣ አልኩት። ያልኩት ይቺን ብቻ ናት። ክፉ ነገር አልተናገርኩም… ከጀርባው የሞተር ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ፣ ታገሺ፣ አስተካክለዋለሁ አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ለአርሊን ዓሣ በኮምጣጤ ሠራሁላት።

ኤፕሪል 5

ገንዘብ አልገባም። ዘግይቶ ይሆናል አለች።

ኤፕሪል 9

አሁንም የለም። አርሊን ኤጀንሲው ጋ ደውላ ፊቷ አመድ መስሎ ገባች። ተቀባዩ ተቀይሯል አሏት። ዴሎ ራሱ ፈርሞ። የማን ስም እንደገባ ግን በስልክ አንናገርም ብለዋታል፤ ማኒላ ዋናው ቢሮ ነው ያለው። ዴሎ ጋ ብትሞክር አይነሳም። መርከቡ መሃል ባሕር ነው።

በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

"ናናይ፣ እርስዎ ነዎት?"

እኔ? በካንደላሪያዋ እመቤት በማርያም ማልኩላት። እውነቴን ነው እኮ። አላመነችኝም። እኔም… እሷን አላመንኳትም። ለብቻዋ ልትይዘው ደብቃ ይሆን? ተቀየረብኝ ብላ እኔን ሦስት ሺህዋን ልታስቀርብኝ?

ወይስ ዴሎ ወደኔ አዙሮት ነው? አስተካክለዋለሁ ብሎኝ የለም? ልቤ ዘለለ፣ ምን እደብቃለሁ። ነገ ባንክ ሄጄ የራሴን ደብተር አሳያለሁ።

ኤፕሪል 10

ሄድኩ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ፔሶ። እንደነበረው።

ስለዚህ እሷ ናት።

ኤፕሪል 14

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንድ ወጥ ቤት፣ ሁለት ድስት። የሩዙን በርሜል ቆለፍኩት። ቤቱ የኔ ነው፣ በርሜሉም የኔ ነው። በገንዘቧ ገዛችው? በልጄ ገንዘብ ነው የገዛችው። እሷ አሁን ከሱቅ በግማሽ ግማሽ ኪሎ ትገዛለች።

ምሳ ላይ ቲንቲን መጥታ ድስቴ አጠገብ ቆመች። አልጠየቀችም። ላወጣላት ማንኪያ አነሳሁ። ከዚያ አሰብኩ… ለልጅቷ ከሰጠሁ እናቷ የደበቀችውን መቼ ታወጣዋለች? ሂጂ እናትሽን ጠይቂ አልኳት። ሄደች። ሳታለቅስ ነው የሄደችው።

የበላሁት አልጣመኝም። ግን በላሁ።

ኤፕሪል 22

አርሊን የጋብቻ ቀለበቷን አስያዘች። ጎረቤቴ ፓሲታ ወሬውን ይዛልኝ መጣች። ፓሲታ አፏ አያርፍም፣ ግን ያለሷ ቀኑ አይመሽም። ቲያትር ነው ይሄ አለችኝ። የፓሲታ ወንድም ሚስት ዶላሩን ዳይፐር ውስጥ ጠቅልላ ስትደብቅ፣ ሰው ፊት ጨው ትበደር ነበር አሉ። ሳቅን። አፌን በእጄ ሸፍኜ።

የሰው ልብስም ማጠብ ጀምራለች። በኔ ጓሮ፣ በኔ ውኃ። የውኃውን ግማሽ ትከፍያለሽ አልኳት። እሺ ናናይ አለች። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።

ሜይ 3

ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። ሴት ናት፣ ድምጿ ማር። ዊልማ እባላለሁ፣ ከሴቡ ነው የምደውለው አለች። ናናይ እያለች ነው የምታወራኝ፣ በመጀመሪያው ቀን። ዴሎ ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ያነሳል አለች። ጥርስዎን ያሠሩ ብዬ ስድስት ሺህ ልኬልዎታለሁ፣ በየወሩም እልካለሁ አለች።

አልገባኝም አልልም። እዚህ ደብተሬ ላይ ማንን ልዋሽ? ወዲያው ነው የገባኝ። አብረው ከሆኑ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ወንድ ልጅ ወልዳለታለች፣ በቅርቡ ዓመት ይሞላዋል። ድርሻው በሷ ስም ነው የሚገባው። አርሊን አልደበቀችም። ምንም አልደበቀችም።

መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። አርሊን ታች ጓሮ ጎንበስ ብላ የሰው አንሶላ ትጨምቃለች። ክንዷ እስከ ክርኗ በሳሙና ነጭ ሆኗል።

መስደብ ነበረብኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ መዝጋት ነበረብኝ።

"በየወሩ ስድስት ሺህ?" አልኩ። ያልኩት እሱን ነው።

ለአርሊን ባይነግሯት፣ ዴሎ ራሱ ሲመጣ ይነግራታል አለች። እሺ አልኩ። ይነግራታላ። የባልና ሚስት ነገር ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?

ሜይ 4

ወርቅ ማስያዣ ቤቱ ነው የተላከውንም የሚከፍለው። ወረፋ። ፓሲታ ከኋላዬ ነበረች፣ የጆሮ ጌጧን ልታስወጣ። አለማየቴ!

መነጽሬን ረስቼ ቅጹን ልጅቷ ሞላችልኝ። ላኪዋ ማን ናት? ስሟን በቀስታ፣ በመስታወቷ ቀዳዳ ነገርኳት። ስንት ነው የሚጠብቁት? ስድስት ሺህ። መታወቂያ። ሰጠሁ።

"ላኪዋ ምንዎት ናት?"

ደነገጥኩ። ጓደኛዬ ልበል? ሴቡ ውስጥ ምን ጓደኛ አለኝ? ዘመዴ ልበል? የምን ዘመድ ቢሉኝስ? ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች፣ ከኋላ ሰው ያጉረመርማል… አንደበቴ ቀደመኝ።

"ምራቴ ናት።"

ጻፈችው። እንዲህ የምታስብ ምራት ማግኘት መታደል ነው አለችኝ። ፓሲታ አንገቷን እንደ ዳክዬ አስግጋ ነበር።

ሜይ 6

ሰፈሩ ሌላ ወሬ የለውም። አርሊን ያን ሁሉ ገንዘብ ደብቃ፣ አማቷ እንዳታስወጣት ስትፈራ በምስጢር ስድስት ሺህ ላከችላት… ፓሲታ ቤት ለቤት አዳርሳዋለች። ለነገሩ ዋሸች አልልም። የሰማችውን ነው ያወራችው።

ባለሱቁ ዱቤ ከለከላት። ለአማትሽ ስድስት ሺህ እየላክሽ እኔ ጋ ግማሽ ኪሎ ሩዝ በዱቤ ትጠይቂያለሽ? ብሏታል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሁለት ደንበኞቿም ሳይታጠብ ልብሳቸውን መልሰው ወሰዱ። ዶላር ያላት ሴት የኛን አንሶላ ምን አሳጠባት አሉ።

እኔ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

አልቀነስኩምም።

ሜይ 7

አርሊን መጣች። ወለሉ ላይ፣ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ምንም እንዳልሰጠችኝ ለባለሱቁ ብቻ እንድነግርላት ለመነችኝ። ለሌላው ሰው ግድ የለኝም፣ ለባለሱቁ ብቻ፣ ቲንቲን ከትናንት ጀምሮ በውኃ የቀጠነ ገንፎ ነው የምትጠጣው አለች።

"አንድ ቃል ብቻ፣ ናናይ። አልሰጠችኝም ይበሉልኝ።"

ገንዘቡ ጡቴ ሥር፣ በመሐረብ ተቋጥሮ። አልሰጠችኝም ብል፣ ታዲያ ከየት መጣ ሊሉኝ አይደል? አንዱን ስናገር ሌላው ተከትሎ ይወጣል። እኔ በሰው አፍ አልገባም አልኳት። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ እንደ አሮጊት።

ኋላ ቲንቲንን ጠርቼ አንድ ሳህን ሩዝ ከዓሣ ጋር ሰጠኋት። ጥርግ አድርጋ በላች። ይኸው። ክፉ ሰው ብሆን እሰጣት ነበር?

ሜይ 18

ጥርሴ ተሠራ። ያምራል። ድድ ያቆስላል፣ ግን ይለመዳል አለ ሐኪሙ።

ዴሎም ደወለ፣ በኔ ስልክ፣ ለኔ ብቻ። ልቆጣው ጀምሬ ነበር። ምን ነካህ፣ ሚስትህና ልጅህ እኮ የሚበሉት አጡ አልኩት።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም ያልሽኝ?" አለ። "ለኤጀንሲውም እሱን ነው የጻፍኩት። ሚስቴ እናቴን ስለምታስርብ ተቀባይ ልቀይር አልኩ። ወዲያው ፈቀዱልኝ።"

ሳቀ። እናት የሚባል ነገር ሲሰሙ ማንም አይከራከርም አለ። ከዚያ የልጁን ፎቶ ላከልኝ። አፍንጫው ቁርጥ የዴሎ። ቆንጆ ልጅ ነው… ምን ላድርግ፣ ቆንጆ ነው።

ጁን 5

ዊልማ ላከች፣ ስድስት ሺህ። ፓሲታ በማትወጣበት ሰዓት ሄጄ ወሰድኩ።

ቤቱ ጭር ብሏል። አርሊን የስፌት መኪናዋን ሸጣ፣ ቲንቲንን ይዛ በመርከብ ማኒላ ሄዳለች። ለኔ አልነገረችኝም። ከፓሲታ ነው የሰማሁት። ደብቃ ያስቀመጠችውን ልታወጣ ነው ብላለች ፓሲታ።

ጁን 11

ተመለሰች። የጋብቻ ወረቀቷን ይዛ ኤጀንሲው በር ላይ ሦስት ቀን ተቀምጣ፣ አንዷ ጸሐፊ አዝናላት የአዲሷን ተቀባይ ስም አሳየቻት።

ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የምመልሰውንም አዘጋጅቼ። እሷ ግን ሻንጣዋን አስቀመጠች፣ ለቲንቲን ውኃ ሰጠች፣ ራሷም ጠጣች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ያውቁ ነበር?"

ምኑን አልኳት።

"ሰፈሩ ሁሉ ምራቷ ላከችላት ሲል፣ ያበድኩ መስሎኝ ነበር። እኔ የላክሁት የለም። የትኛዋ ምራትዎ ናት ታዲያ?"

አፌን በእጄ ሸፈንኩ።

"ቲንቲን የገንፎ ውኃ ስትጠጣ እያዩ፣ ያውቁ ነበር።"

ይሄኛው ጥያቄ አልነበረም። ልጄ ነው አልኳት፣ በልጄ ላይ እንዴት ልመስክር? ኤጀንሲው ጋ ባልሽ በፊርማው የቀየረውን እኛ አንመልስም፣ ፍርድ ቤት ሂጂ ብለዋታል። ፍርድ ቤት ደግሞ ጠበቃ ይፈልጋል። ተነስታ የቲንቲንን ልብሶች ማጠፍ ጀመረች፣ አንድ በአንድ፣ ጠርዙን እያስተካከለች።

ጁን 12

ሄዱ። ሚያጋኦ፣ እናቷ ቤት። ዕቃቸው ሁለት የሩዝ ከረጢት አልሞላም። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖራ።

ልጅቷን እንኳን ተይልኝ አልኳት በር ላይ። እኔ አሳድጋታለሁ፣ አሁን ገቢ አለኝ አልኩ። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም።

"አይቸገሩ" አለች። "ድስትዎ ትንሽ ነው።"

ጁላይ 8

አራት ሺህ። የልጁ ወተት ተወደደ አለች ዊልማ። ልክ ናት፣ ወተት ተወዷል።

ኦገስት 7

ሁለት ሺህ።

ኦገስት 29

የዴሎ ኮንትራት አለቀ፣ ከመርከብ ወርዷል። ሦስት ቀን ቤት ስጠርግ፣ ፍራሽ ሳሰጣ፣ መጋረጃ ስቀይር ሰነበትኩ። የሚወደውን ሸርጣን ገዝቼ በረዶ ላይ አስቀመጥኩ። አልመጣም። ሴቡ ነው።

ደወልኩ። ዊልማ አነሳች። የብስ ላይ ሲሆን ደመወዝ እንደሌለ ያውቁ የለ አለችኝ። ስለ ገንዘብ አልጠየቅኳትም እኮ። ከኋላ የዴሎ ሳቅ ይሰማል፣ ከልጁ ጋር ይጫወታል። አገናኚኝ አልኳት።

"ተኝቷል" አለች።

ሳቁ ግን አሁንም ይሰማኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 16

የዊልማ ቁጥር አይሠራም። ዴሎ እንደገና መርከብ ላይ ወጥቷል አሉ፣ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። ኤጀንሲው ጋ ደወልኩ፣ እናቱ ነኝ አልኩ። ተቀባይ ካልሆኑ መረጃ አንሰጥም አሉኝ። በትሕትና ነው ያሉኝ።

ፓሲታ ዛሬ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። ሁሉንም ሰምታለች መሰለኝ። ምራቶችሽ እንዴት ናቸው ኤፒ? አለችኝ። ምራቶችሽ።

ኦክቶበር 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ በጂፕኒ ታክሲ ሚያጋኦ ሄድኩ። የደረቀ ዓሣ እዚያ ይረክሳል ብዬ ነው። ለማን ነው የምነግረው ይሄን? … ላያቸው ነው የሄድኩት።

ገበያው ጫፍ ላይ ናቸው። የሷ መደብ ነው፣ ሚዛን አላት፣ ዣንጥላ አላት። ከስታለች፣ ፀሐይ አጥቁሯታል፣ ግን ድምፅዋ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ከሩቅ ይሰማል። ቲንቲን ከጎኗ ሣጥን ላይ ሆና ትጽፋለች። ረዝማለች። ተራዬን ጠብቄ ቆምኩ። ስንት ሰው ነበር ከፊቴ? አራት። ከአራቱ በኋላ ምን እንደምትለኝ እያሰብኩ። ብትሰድበኝ እሰማለሁ ብዬ። እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር።

ቀና አለች። አየችኝ። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም።

"ማናንግ፣ ስንት ኪሎ ላድርግልዎት?"

ማናንግ። ለማንኛዋም መንገደኛ ሴት የሚባለውን። ናናይ ከአፏ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ።

ግማሽ አልኩ። መዘነች። ሚዛኗ ትክክል ነው፤ እንዲያውም እንደ ሁሉም ሰው አንዲት ዓሣ ጨመረችልኝ። መቶ ፔሶ ሰጠኋት። ቲንቲን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አፍጥጣ ታየኛለች። እናቷን ዞራ አየች፣ ልትጠይቃት። አርሊን ሳንቲሞቹን ቆጥራ እጇ ላይ አደረገችላት፣ ለደንበኛዋ መልሷን ስጪ አለቻት።

ልጅቷ አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው፣ እየቆጠረች። ጣቷ ነካኝ።

"እናመሰግናለን፣ ማናንግ" አለች።

ከኋላዬ ያለችው ሴት ትቸኩላለች፣ ገፋ አደረገችኝ። ወጣሁ።

ግማሽ ኪሎ። ለአንድ ሰው ሳምንት ይበቃል።